የድሮ ካርታ ሁሉ ሚሊዮን አያወጣም፦ ሰሞኑን ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ የድሮ ካርታ ፈላጊ በዝቷል። ምክንያቱ በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ የዞረው ጽሑፍ ነው። እኔ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼም የሰፈሬ ሰዎችም ጽሑፉን እየላኩ «እውነት ነው እንዴ?» ይሉኛል። ለያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ መጻፉ ይሻላል።

ላላነበባችሁት ጽሑፉ የሚለውን ባጭሩ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ የድሮ ካርታ ውጭ አገር በጨረታ በሚሊዮን ዶላር ስለሚሸጥ የኢትዮጵያ የድሮ ካርታ በሳጥኑ ያስቀመጠ ሰው ሳያውቀው ሀብታም ነው። ሁለተኛ፣ ካርታው ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ሦስተኛ፣ አውሮፓ ያሉት የኢትዮጵያ ካርታዎች ሁሉ የተዘረፉ ስለሆኑ ይመለሱ። አራተኛ፣ ጅማና የጊቤ አካባቢ ጣሊያን እስኪገባ ድረስ በማንም ካርታ ላይ አልነበሩም። አምስተኛ፣ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ካርታዎች ግዛታችን ከምድር ወገብ አልፎ ይሄድ እንደነበር ያረጋግጣሉ። በመጨረሻም ምክር አለ፦ ካርታው መጽሐፍ ውስጥ ካለ ቆርጣችሁ አውጡት፣ እንዳይበላሽ ላሚኔት አስደርጉት፣ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ለደላላ ላኩት።

ጸሐፊው ጥሩ ብዕር አላቸው። ቁጭታቸውም ከልብ ይመስላል። አንዳንድ ነገርም ልክ ብለዋል፤ እሱን በየቦታው እናገራለሁ። በጥቅሉ ግን ጽሑፉ ሰው ያሳስታል፤ መጨረሻው ላይ ያለው ምክርማ ጉዳት ያመጣል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሚሊዮኑ እንጀምር።

ጸሐፊው «አንድ ካርታ በ10 ሚሊዮን ዶላር በጨረታ ተሸጠ» ይላሉ። ዋጋው ልክ ነው። ጨረታ ግን አልነበረም። ካርታው ማርቲን ቫልድዜሚዩለር በ1507 ያሳተመው የዓለም ካርታ ሲሆን፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2003 ከአንድ የጀርመን መሳፍንት ቤተሰብ በድርድር ነው የገዛው። ያን ያህል ያወጣውም «አሜሪካ» የሚለው ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው እሱ ላይ ስለሆነ ነው። በዚያ ላይ እስከ ዛሬ የሚታወቀው ቅጂ አንድ ብቻ ነው። እሱም ቮልፌግ በሚባል የደቡብ ጀርመን ቤተ መንግሥት ተረስቶ ኖሮ በ1901 ነው የተገኘው። ሻጩ ሌላ ቅጂ እንደሌለ ያውቃል፤ ገዢው ደግሞ የገዛ አገሩ ስም የወጣበትን ወረቀት ነው የሚገዛው። እንዲህ ዓይነት ገበያ በየቀኑ አይገጥምም።

በእውነት በጨረታ የተሸጡትንም እንይ። አቤል ቢዩል የሚባል አሜሪካዊ በ1784 የአዲሲቱን አሜሪካ ካርታ አሳተመ። አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ እዚያው በአገሩ ሰው እጅ ተሠርቶ የታተመ የመጀመሪያው የአገሪቱ ካርታ ነው። የሚታወቁት ቅጂዎች ሰባት ናቸው። አንዱ በ2010 ኒው ዮርክ ውስጥ ክሪስቲስ በሚባለው ትልቅ አጫራች ቤት 2,098,500 ዶላር አወጣ። ከዚያ በፊት በ2006 ሶዝቢስ የሚባለው ሌላው አጫራች ቤት ለንደን ላይ ባካሄደው ጨረታ፣ በ1477 ጣሊያን ቦሎኛ የታተመው የጥንቱ ሊቅ የቶለሚ ጂኦግራፊ ከ2.1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሽጧል። እሱም አንድ ቅጠል ካርታ አልነበረም፤ 26 ካርታ የያዘ ሙሉ መጽሐፍ ነው። ካርታዎቹ ከመዳብ ሰሌዳ የታተሙበት የመጀመሪያው አትላስም እሱ ነው። በነገራችን ላይ ይህ መጽሐፍ የነበረበት የእንግሊዛዊው መኳንንት የሎርድ ዋርዲንግተን ቤት በ2004 ተቃጥሎ ነበር። መጻሕፍቱን ያተረፈው የመንደሩ ሰው ነው። በሰልፍ ቆሞ ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበለ አወጣቸው።

እስካሁን ከጠራኋቸው ውስጥ የኢትዮጵያ ካርታ የሚባል አለ? የለም። በገበያ ላይ በብዛት የሚታየው የኛ ካርታ አብርሃም ኦርቴሊየስ አንትወርፕ ላይ በ1573 ያወጣው ነው፤ የፕሬስተር ጆን (አውሮፓውያን የኢትዮጵያን ንጉሥ የሚጠሩበት ስም ነበር) ወይም የአቢሲንያ ግዛት መግለጫ ይላል። ከሱ ቀጥሎ ብላው የሚባለው የአምስተርዳም አሳታሚ ቤት በ1630ዎቹ ያወጣው ይመጣል። እነዚህ በጨረታ ሲቀርቡ ዋጋቸው ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ዶላር ነው። ወደ ብር ስትመነዝሩት ቀላል አይደለም፤ ይህን እቀበላለሁ። ግን ከሚሊዮን ጋር አይተዋወቅም። ምክንያቱም ካርታው ብርቅ አይደለም። የኦርቴሊየስ አትላስ ከ1570 እስከ 1612 ድረስ በላቲንም በሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎችም ደጋግሞ ታትሟል። የዘመኑ ተፈላጊ መጽሐፍ ነበርና ቅጂው በየቤተ መጻሕፍቱና በየሻጩ መደርደሪያ ዛሬም አለ።

ለጅማ ሰው በቡና ብናገር ይገባኛል ይላል። በ2020 ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በኢንተርኔት ጨረታ አንዱ ፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) 185.10 ዶላር ተሸጠ። ያን ዜና ሰምቶ «የኔም ጆንያ በዚህ ሒሳብ ይታሰብልኝ» ያለ የጎማ ወረዳ ገበሬ አላየሁም። ውድድር ያሸነፈ አንድ ቡናና የገበያ ቡና እንደሚለያዩ ሁሉም ያውቃል። ካርታም ላይ ያው ነው።

ጨረታው ራሱ እንዴት እንደሚሠራም ጽሑፉ አልነገረንም። የሚነገረው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ አጫራቹ ከገዢ የሚቀበለውን ክፍያ ጨምሮ ነው፤ ይህም በመዶሻው ዋጋ (ጨረታው በተዘጋበት ዋጋ) ላይ ሃያ ከመቶና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ከሻጩም ኮሚሽን ይቆረጣል። መነሻው ላይ ሳይደርስ ቀርቶ ያልተሸጠ ዕቃ ደግሞ ዜና አይሆንም። ስለዚህ ከሩቅ ሆኖ ዜና ብቻ ለሚሰማ ሰው ሁሉም ነገር በውድ የተሸጠ ይመስለዋል። በዚያ ላይ ጨረታ ከፍ የሚለው አንዱን ዕቃ ሁለት ሀብታሞች ሲመኙት ነው። አንዱ ጉንፋን ይዞት ከቀረ ዋጋው ይወርዳል።

ሁለተኛውን ነጥብ በአጭሩ ልለፈው። ያረጀ ሁሉ ውድ ቢሆን ኖሮ የ1784ቱ ካርታ ከ1573ቱ ይረክስ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። ዕድሜውንም ካርታው ላይ ካለው ዓመት አንብበን እናውቃለን ማለት አይቻልም። ያ ውዱ የቦሎኛ መጽሐፍ ላይ የታተመው ዓመት 1462 ነው የሚለው። ስሕተት ነው፤ የታተመው በ1477 ነው። ዓመቱን የጻፈው ማተሚያ ቤቱ ራሱ ነበር!

ዝርፊያን በተመለከተ ግማሹን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። በ1868 ከመቅደላ የተጋዘው መጽሐፍ፣ ታቦትና ንዋየ ቅድሳት ዝርፊያ ነው። ሌላ ስም የለውም። በ2021 ቡዝቢ የተባለ የእንግሊዝ አጫራች ከመቅደላ የተወሰደ የብራና መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫ ለጨረታ አቅርቦ፣ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ስለጠየቀ ከሽያጭ አውጥቶታል። እንዲህ ያለው ጥረት ይበርታ ነው የምለው። የኦርቴሊየስ ካርታ ግን አንትወርፕ ላይ ተቀርጾ፣ አንትወርፕ ላይ ታትሞ፣ ለአንትወርፕ ነጋዴ የተሸጠ ወረቀት ነው። ከጎንደርም ከጅረንም አልተወሰደም። ሁለቱን አንድ ላይ ስንጠራቸው የመቅደላው ክስ ይዳከማል። «እነዚህ ሰዎችማ ሱቅ የተገዛ ካርታም ይመለስልን ይላሉ» ለሚል ተከራካሪ በር መክፈት ነው።

ደሞም ከኛ የወጣ ነገር አለ፤ ጸሐፊው ሳያዩት አለፉ እንጂ። ከወረቀቱ ይልቅ በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ዕውቀት ከኛ ሄዷል። ይህ ወደ አራተኛው ነጥብ ይወስደኛል። እኔን ብዕር ያስነሣኝም እሱ ነው።

«ጅማና የጊቤ አካባቢ ጣሊያን በ1936 እስኪገባ በማንም ካርታ ላይ አልነበሩም» ተብሏል። ይህን አንድ የጅማ ልጅ አምኖ ሲያሰራጨው ማየት ያሳዝናል።

ቬኒስ አጠገብ ሙራኖ በምትባል ደሴት፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ፍራ ማውሮ የሚባል መነኩሴ ትልቅ የዓለም ካርታ ሠራ። ካርታው ዛሬም ቬኒስ አለ። ስለ ኢትዮጵያ ክፍል እዚያው ካርታው ላይ የጻፈው ማስታወሻ አለ። በዚያ አገር የተወለዱ መነኮሳት አውራጃውን፣ ከተማውን፣ ወንዙንና ተራራውን ከነስሙ በገዛ እጃቸው እንደሳሉለት ይናገራል። ካርታው ላይ አባይ አለ፣ ተከዜ አለ፣ አዋሽ አለ። ሸቤ ወይም ዜቤ ተብሎ ሊነበብ የሚችል ወንዝም አለ፤ ካርታውን ያጠኑ ሰዎች ጊቤ ነው ብለውታል። ጣሊያን ጅማ ከመግባቱ አምስት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ነገር ነው። የሳሉትም የኛ መነኮሳት ናቸው። ስማቸው ካርታው ላይ አልተጻፈም። ቁጭት ከፈለግን እዚህ ላይ እንቆጭ።

ቀጥሎ በ1613 አጼ ሱስንዮስ በዛሬዋ ኬንያ ጠረፍ ወዳለችው ወደ ማሊንዲ የሚያወጣ የደቡብ መንገድ እንዲፈለግ ፈለጉ። አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ የተባለ ዬሱሳዊ (ጀዝዊት የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር አባል) ቄስ ከንጉሡ መልእክተኛ ጋር ተላከ። መንገዱ በእናርያ ነበር፤ የዛሬው ሊሙ ነው። ከዚያ ጊቤን ተሻግረው የም ገቡ፤ ወደ ከምባታም አለፉ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተዘግቶባቸው ተመለሱ። ያዩትና የሰሙት ግን አልጠፋም። ማኑኤል ዴ አልሜይዳ የተባለው ሌላው ዬሱሳዊ የአገሩን ታሪክ ሲጽፍ ካርታም ሠራ። ካርታው በ1660 በባልታዛር ቴሌዝ መጽሐፍ ውስጥ ፖርቱጋል ታተመ። ጣናን በቅርጹም በቦታውም ከቀደሙት ሁሉ አሻሽሎ ያሳየ ካርታ ነው። እናርያም ጊቤም እሱ ላይ አሉ።

ከዚያ ሂዮብ ሉዶልፍ መጣ። ይህ ጀርመናዊ ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። ግን አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ፤ ሮም ላይ በ1649 ተገናኙ፣ በ1652 ደግሞ ጀርመን ጎታ ድረስ ሄደው ብዙ ወር አብረው ሠሩ። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681 አሳተመ፤ ካርታውንም ከአልሜይዳ ሥራ ተነሥቶ በ1683 አወጣ። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን አላዩም። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 በዛሬዋ ቱርክ ባለችው እስክንድሩና አጠገብ መርከብ ሰጥሞ ሞቱ። ሉዶልፍ ውለታቸውን አልካደም። ስማቸውን ደጋግሞ ጽፏል፤ ምስላቸውንም አስቀርጾ በ1691 ባወጣው መጽሐፍ አትሟል። ካርታ ሠሪ ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ ዛሬ ይህን አልከራከርም ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የአንቷን ዳባዲ ነገር ነው። ዳባዲ ፈረንሳዊ ነው። ከ1838 ጀምሮ አሥር ዓመት ገደማ ኢትዮጵያ ኖረ። በ1843 አባ ባጊቦ ወደሚገዙት ሊሙ ወረደ፤ የከፋን ንጉሥ እኅት ለአባ ባጊቦ ሊያመጡ ከሄዱ ሙሽራ አምጪዎች ጋር ሆኖ ቦንጋ ድረስ ዘለቀ። መሣሪያ ይዞ ከተራራ ተራራ ማዕዘን እየለካ የአገሩን አቀማመጥ በሒሳብ አስተካከለ። ይህ ሥራው በ1873 ታትሞ አለቀ። ታዲያ ይህ ጎበዝ ሰው አንድ ትልቅ ስሕተት ሠራ። የጊቤን ምንጭ አይቶ የነጭ አባይ ምንጭ ነው አለ። በ1846 ምንጩ ላይ የፈረንሳይን ባንዲራ ተከለበት። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ «ይህ ሰው ከፋም አልደረሰ» እያለ ተነሣበት። ክርክሩ ከሮ ቢክ የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የሰጠውን ሜዳሊያ እስከመመለስ ደረሰ። እንግዲህ አስቡት፤ ጣሊያን ጅማ ከመግባቱ ዘጠና ዓመት በፊት የለንደንና የፓሪስ ምሁራን በኛ ወንዝ ተጣልተዋል! ጊቤ ወደ ኦሞ፣ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ እንጂ ወደ አባይ እንደማይሄድ የተረጋገጠው የጣሊያናዊው ተጓዥ የቦቴጎ ጉዞ በ1896 ኦሞን ተከትሎ ሐይቁ ሲደርስ ነው። ጊቤ አጠገብ የሚኖር ሰው ወንዙ ወደ ደቡብ እንደሚወርድ ድሮም ያውቀዋል።

ጣሊያናዊውን ተጓዥ አንቶኒዮ ቼኪን ልጨምርና ይብቃኝ። በ1870ዎቹ መጨረሻ ከአገሩ ልጅ ከኬያሪኒ ጋር ወደ ጊቤ ነገሥታት አገር መጣ። ኬያሪኒ ጌራ ውስጥ በ1879 ሞተ። ቼኪ እዚያው ታስሮ ቆይቶ ተለቀቀ። ከ1886 ጀምሮ ያሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ስለ ጅማና ስለ ጎረቤቶቿ በካርታ የታገዘ ዝርዝር አለው። ያን ጊዜ ጅማ ላይ የነገሡት አባ ጅፋር ሁለተኛ ናቸው። የዛሬዋ ጅማ ከተማ ያለችበት ሂርማታም ገበያዋ የደራ ነበር።

ለጸሐፊው የምለቅላቸው አንድ ነገር አለ። የጅማ ከተማ የመንገድ ፕላን ተሠርቶ፣ ታትሞ፣ ለተጓዥ የተሰጠው በጣሊያን ጊዜ ነው። በ1938 ሚላን ላይ የወጣው የምሥራቅ አፍሪካ መምሪያ መጽሐፍ የታጠፉ ካርታዎች አሉት፤ ጅማም በሰፊው ተገልጻለች። ጸሐፊው ያዩት ምናልባት ይህን ይሆናል። ግን የከተማ ፕላን ሌላ፣ አገር በካርታ ላይ መኖር ሌላ።

ወደ አምስተኛው ልግባ፤ «የግዛታችን ስፋት ማረጋገጫ» ወደተባለው። የኦርቴሊየስን ካርታ ያየ ሰው ቢደሰት አልፈርድበትም። ግዛቱ ከግብፅ ጫፍ ተነሥቶ ምድር ወገብን ተሻግሮ የጨረቃ ተራሮች እስከሚባሉት ይወርዳል። ጥጉ ላይ የአንበሳ ዓርማ አለ፤ እስከ ዳዊት የሚቆጠር የትውልድ ሐረግም አለ። ያምራል፤ ደግሞም አውሮፓ ያኔ ኢትዮጵያን በአክብሮት ያይ እንደነበር ያሳያል። እዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ግን ያ ስፋት ከየት መጣ? ኦርቴሊየስ ከአንትወርፕ ተነሥቶ አልለካውም። ከፊቱ ሁለት ነገር ነበረ። አንዱ የቶለሚ የጥንት ትምህርት ነው፤ አባይ ከምድር ወገብ በታች ካሉ ሁለት ሐይቆች ይነሣል ይላል። ሌላው ከ1520 እስከ 1526 ኢትዮጵያ የቆየው የፍራንሲስኮ አልቫሬዝ መጽሐፍ ነው፤ ሊዝበን ላይ በ1540 ታትሟል። አልቫሬዝ ያያቸውን የትግራይን፣ የአምሐራንና የሸዋን ስሞች ካርታ ሠሪው ወስዶ ባዶ በነበረው የአፍሪካ ሆድ ላይ ዘረጋቸው። ወንዙ ሲረዝም አገሩም አብሮ ተለጠጠ። ማስረጃው እዚያው ካርታው ላይ አለ። የነገሥታት ልጆች የሚታሰሩበት ተራራ ተብሎ የተሳለውን ፈልጉት። አምባ ግሸን ነው። ወሎ መሆን ሲገባው ወደ ምድር ወገብ ወርዶ ታገኙታላችሁ። ግሸን ማርያም የተሳለመ ሰው ሁሉ ይህ ካርታ ለስፋት ምስክር እንደማይሆን መናገር ይችላል።

የአልሜይዳና የሉዶልፍ ካርታዎች ሲወጡ አገሩ ወደ ትክክለኛ መጠኑ ተሰበሰበ። ታዲያ የተለጠጠው ለምን መሸጡን ቀጠለ? እዚህ ላይ የካርታ ኅትመትን ንግድ ማወቅ ያስፈልጋል። ካርታ መጀመሪያ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ወደ ግራ ተገልብጦ ይቀረጻል። ቀራጩ ወራት ይፈጅበታል፤ መዳቡም ቀራጩም ገንዘብ ናቸው። ስለዚህ አንዴ የተቀረጸ ሰሌዳ እስኪዳምጥ ድረስ ያትማል። ባለቤቱ ሲሞት ልጁ ይወርሰዋል፤ ልጁ ሲከስር ይሸጠዋል። የታዋቂውን ካርታ ሠሪ የመርካቶርን ሰሌዳዎች ሆንዲየስ የተባለ የአምስተርዳም አሳታሚ በ1604 ገዛቸው። ብላው ደግሞ በ1629 ከሆንዲየስ ቤት ብዙ ሰሌዳ ገዝቶ ስሙን እየቀየረ አተማቸው። አዲስ ዕውቀት ሲመጣ ሰሌዳ መጣል ኪሳራ ነው። በ1662 ብላው ቤት ያወጣው የላቲኑ ትልቅ አትላስ 11 ቅጽና 594 ካርታ ነበረው። ቀለም ያልተቀባው 350፣ የተቀባው 450 ጊልደር (የያኔው የሆላንድ ገንዘብ) ነበር። ገዢው የአምስተርዳም ሀብታም ነው። ሳሎኑ ውስጥ እንግዳ እንዲያይለት ይፈልጋል እንጂ ኢትዮጵያ የት እንደምትጀምርና የት እንደምታበቃ አያስጨንቀውም። በ1672 ማተሚያ ቤቱ ተቃጠለ፤ የተረፈውም ሰሌዳ ተሸጦ ለሌሎች አሳታሚዎች ገባ። ድሮ የተቀረጸ ስሕተት እንዲህ እንዲህ እያለ ዕድሜው ይረዝማል።

ይህ በኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ጄምስ ሬነል የሚባል እንግሊዛዊ ካርታ ሠሪ በ1798 ምዕራብ አፍሪካ ላይ የኮንግ ተራሮች የሚባል ሰንሰለት ሳለ። ሌሎች ገለበጡት። ቢንዠር የሚባለው ፈረንሳዊ በ1880ዎቹ መጨረሻ አገሩን በእግሩ ሄዶ እንዲህ ያለ ተራራ የለም እስኪል ድረስ በየአትላሱ ቆመ። ሙንስተር የሚባል ጀርመናዊ በ1540 ያሳተመው የአፍሪካ ካርታማ አንድ ዓይን ያለው ሰው ተቀምጦበታል። የኦርቴሊየስን ወሰን ተቀብለን የሙንስተርን ባለ አንድ ዓይን ሰው አንቀበልም ልንል ነው?

አሁን ምክሩ ጋ ደረስን። እዚህ ላይ ትንሽ እቆጣለሁ፤ ይቅርታ።

«ካርታውን ከመጽሐፉ ቆርጣችሁ አውጡት፤ ለብቻው ይሸጣል።» እውነት ነው፣ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ነጠላ ካርታ አንድ ጊዜ ከአትላስ የተቀደደ ነው። ድሮ ነጋዴዎች ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል። ግን ሙሉ የሆነ መጽሐፍ መቅደድ ዋጋውን ለማሳነስ አስተማማኝ መንገድ ነው። መጽሐፉ የቤተ መጻሕፍት ከሆነ ደግሞ ሌብነት ይባላል። ፎርብስ ስማይሊ የሚባል ታዋቂ የካርታ ነጋዴ በ2005 አሜሪካ ባለው ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተይዟል። ያስያዘው የንባብ ክፍሉ ወለል ላይ የጣለው ምላጭ ነው። 97 ካርታ መስረቁን አምኖ የሦስት ዓመት ከግማሽ እስራት ተፈረደበት። ሰውዬው ዕውቀቱም ስሙም ነበረው። የኛ አገር ሕግም ቀላል አይደለም። የባህል ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ በኛ አቆጣጠር ነው) ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ጸሐፊው ሰውን ወደ ውጭ ደላላ ሲመሩ ይህን አንድ ቦታ እንኳ አላነሡትም።

«ላሚኔት አስደርጉት።» በፍጹም! ላሚኔት ፕላስቲክ በሙቀትና በሙጫ ወረቀቱ ላይ ማጣበቅ ነው። ወረቀቱን ሳይጎዱ መልሶ ማላቀቅ አይቻልም ማለት ይቻላል። ለቀበሌ መታወቂያ ጥሩ ነው፤ ለድሮ ወረቀት ግን ሞቱ ነው። ስኮችም አትለጥፉበት፤ ሙጫው ይቢጫል፣ ወረቀቱንም ያቆሽሻል። የታጠፈውን በካውያ አትተኩሱት። ጠፍጣፋ ፋይል ውስጥ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡት። ጅማ ላይ ዝናቡን ታውቁታላችሁ፤ ከግድግዳ ራቅ አድርጉት።

«በስልክ ፎቶ ዋጋው ይታወቃል» የሚለውን ደግሞ በ2017 ክሪስቲስ ላይ የሆነው ይመልሰዋል። የዚያው የቫልድዜሚዩለር ሥራ የሆነ፣ ሉል ላይ የሚለጠፍ ካርታ ለጨረታ ቀርቦ ነበር። ግምቱ ከ600,000 እስከ 900,000 ፓውንድ። ባለሙያዎች በእጃቸው ይዘውት ነበር። ሽያጩ ሊካሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሌሎች ባለሙያዎች አሜሪካ ሚኒሶታ ካለው ቅጂ ጋር አስተያዩትና ሐሰተኛ ሳይሆን አይቀርም ብለው ተጠራጠሩ። ከጨረታው ወጣ። እንግዲህ እነዚያን ያምታታ ነገር ቴሌግራም ላይ በተላከ ብዥታ ፎቶ ይታወቃል? ደላላው መጀመሪያ «የማጣሪያ ክፍያ» ከጠየቃችሁ ጉዳዩ ካርታ አይደለም፤ ገንዘባችሁ ነው።

ዋጋውን ተዉትና ማየት ለሚፈልግ ሰው ካርታዎቹ ቅርብ ናቸው። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የ1507ቱን በነጻ ያሳያል። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኖርዊች የአፍሪካ ካርታዎች ስብስብ በኢንተርኔት ይታያል። አጉልታችሁ ጊቤን ፈልጉ። ተማሪዎቼ «ዜቤ» ተብሎ ተጽፎ ሲያገኙት ክፍሉ ይናጋል።

እስከዚያው ሳጥናችሁ ውስጥ ያለውን እንዴት ትለዩታላችሁ? እኔ ጋ ከሚመጣው ብዙው የመንግሥት የካርታ ሥራዎች ድርጅት ያሳተመው የመልክዐ ምድር ካርታ ነው፤ ወይም ለቱሪስት ተብሎ በቅርቡ የታተመ የድሮ ካርታ ግልባጭ። ማጉያ መነጽር ያዙ። ቀለሙ በትንንሽ ነጠብጣቦች የተሠራ ከሆነ የዘመናችን ኅትመት ነው። ከመዳብ ሰሌዳ የታተመ ግን መስመሩ ጥርት ያለ ነው። ማሽኑ ሲጫነው በሥዕሉ ዙሪያ በወረቀቱ ላይ ጎድጎድ ያለ የሰሌዳ ጠርዝ ይተዋል፤ በጣት ሲዳሰስም ሊታወቅ ይችላል። ጠርዙን ካገኛችሁ አትንኩት፤ የሚያውቅ ሰው በአካል ይየው። ነጠብጣብ ካያችሁ ግን ፍሬም አሠርታችሁ ሳሎን ስቀሉት። ያምራል።